የረገፈው የዛፉ ነው

ደኑን ለመመርመር ከአዲስ አበባ የመጡት አቶ ደጉ አካፋውን ሰክተው አፈር አወጡና ለደን ጠባቂው ለተወልደመድኅን አሳዩት። ቀይ ነው፤ በእፍኝ ሲይዙት እንደ ዱቄት ይበናል። ቀጥለው ጣልያኖች በሠሩት የውኃ ማጠራቀሚያ ዙሪያ የታጠረውን፣ ሰው የማይገባበትን ጥግ ቆፈሩ። እዚያ ጥቁርና እርጥብ ወጣ።

"ዝናቡ ያነሰው ለሁለቱም ነው" አሉ ደጉ። "እዚህ ግን የረገፈው ቅጠል በስብሶ ለዛፉ ምግብ ይሆነዋል፤ እርጥበትም ይይዝለታል። ከአጥሩ ውጪ ያለውን ማነው የጠረገው?"

ተወልደመድኅን ከሓዝሓዝ ሰፈር በላይ ያለውን ይህን የጥድ ደን አሥራ አንድ ዓመት ጠብቋል። ፌዴሬሽኑ ፈርሶ አለቆች ከአዲስ አበባ መምጣት ከጀመሩ አምስተኛ ዓመቱ ነው፤ የሁሉም ጥያቄ "ዛፍ ተቆርጧል?" ነበር። አንድም አላስቆረጠም። ሴቶቹ የረገፈውን ለማገዶ ሲወስዱ ግን "ቅጠል ምን አላት" እያለ ያሳልፋቸዋል። አሁን ጥዶቹ ከጫፋቸው ይደርቁ ጀመር።

"እኔ ነኝ የፈቀድኩት" አለ ተወልደመድኅን። "ችግረኞች ናቸው ብዬ።"

ደጉ አካፋውን አነሡ። "ከእንግዲህ ቅጠል አይውጣ። የደረቁትን ቅርንጫፎች ለሴቶቹ ስለ መስጠት ግን አዲስ አበባ እጽፋለሁ። መልሱ ወራት ይፈጃል፤ እስኪመጣ ማንም ቅርንጫፉን እንዳይነካ።"

እሳቸው እንደሄዱ ኣስካሉ ቅጠል የሞላ ጆንያ አዝላ ስትወርድ አገኛት። ባሏ ከሞተ ወዲህ የሰው ልብስ እያጠበች ሦስት ልጆች የምታሳድግ ጎረቤቱ ናት።

"ድፊው፣ ኣስካሉ።"

"ኣያ ተወልደ፣ ትቀልዳለህ?"

"ኣይፋልን፣ አልቀልድም። ዛፎቹን የገደልናቸው እኛ ነን። አንቺ ጠረግሽ፣ እኔ ዝም አልኩ።"

"እና ዛፉ ይብላ፣ ልጆቼ ይራቡ? የዛሬውን በምን ላብስለው?"

ተወልደመድኅን ጆንያውን ከጀርባዋ አውርዶ ገለበጠና ተንበርክኮ ቅጠሉን በሁለት እጁ ከጥዱ ሥር በተነው። ኣስካሉ ፊቷን አዞረች። ያለ ፈቃድ አንዲት ጭራሮ ቢያሳልፍ ሥራውን እንደሚያጣ ያውቃል። በዚህ ዕድሜው ማን ይቀጥረዋል?

ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ።

"ከዚያ ከደረቀው ቅርንጫፍ ስበሪ። ያለበትን ቅጠል እዚሁ አራግፈሽ እንጨቱን ውሰጂ። ለሌሎቹም ንገሪያቸው።"

"ማን ፈቀደልሽ ቢሉኝስ?"

"ስሜን ጥሪላቸው።"