ኮሌታው ውስጥ ያለው ጨርቅ

ልብስ ሰፊዋ አክስት ከፈጣሪ ጋር የማትነጋገርበት ሰዓት የላትም። ውሃ ልትጠጣ ስትል ትባርካለች፤ በበሩ መቃን ላይ የተሰካውን፣ የኦሪት ቃል የያዘ ትንሽ ማኅደር በጣቷ ሳትነካ አትወጣም፣ አትገባም። ሽንት ቤት ደርሳ ስትመለስ እንኳ እጇን ታጥባ፣ «ሰውን በጥበብ የሠራህ፣ የሚከፈተውን ከፍተህ የሚዘጋውን የዘጋህ» ብላ ታመሰግናለች። አብራት የምትሰፋው የእህቷ ልጅ ምላሷ ስለሚቆርጥ «ምላጭ» ነው የሚሏት። «እሱስ ትንሽ አይረፍ እንዴ?» ትላለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሙሽራ ያሰፋውን የሱፍ ኮት ሊወስድ መጣ። ሠርጉ ለዚያው ምሽት ነው። ለብሶት መስታወት ፊት ሲንጎራደድ አክስት ኮሌታውን ዳበስ አደረገችና ክው አለች።

«አውልቀው፣ ልጄ።»

«ምነው እትዬ? ልክክ ብሎልኝ የለ!»

ኮሌታው ቀጥ እንዲል ውስጡ የከተተችው ጨርቅ ጥጥ መሆን ሲገባው የተልባ እግር ሆኖ ተገኘ። ሱፍና የተልባ እግር አንድ ልብስ ላይ እንዳይገናኙ ደግሞ ኦሪት ከልክሏል። የጥጡንና የተልባ እግሩን ጥቅል ያምታታችው ራሷ ናት።

«ይተዉት በቃ፤ ውስጡን ማን ያየዋል?» አለ ሙሽራው።

«የሚያይማ አለ። በሠርግህ ቀን እሱን ላታልልልህ?»

«አክስቴ፣ በሸሚዝ ልትድሪው ነው?» አለች ምላጭ። «ሙሽሪት አስተናጋጅ መስሏት ውሃ ብታዘውስ?»

«አፍሽን ዝጊና መቀሱን አቀብዪኝ።»

አክስት መተርተር ጀመረች። ሙሽራው ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ ይቁለጨለጫል። ስልኩ አንዴ ከአባቱ፣ አንዴ ከሚዜው ይጮሃል። በመሃል አክስትን ውሃ ጠማት። ምላጭ በጎን አየቻት፤ «ዛሬስ ዝም ብላ ትጨልጠዋለች» ብላ። አክስት ግን ብርጭቆውን ይዛ ዓይኗን ጨፈነች፤ ቃሉን አንድ በአንድ ተናገረች፤ ጠጣች። መርፌውን ስታነሳ እጇ እንደ ጠዋቱ የረጋ ነበር።

ምላጭ ወንበሯን አስጠግታ የኮሌታውን ሌላ ጫፍ ያዘች፤ ማንም የማያየውን ስፌት ደቃቅ አድርጋ ሰፋችው።

መብራት ሲበራ ሙሽራው ኮቱን ለበሰ፤ እጃቸውን ስሞ እየሮጠ ወጣ። ሁለቱ በር ላይ ቆመው ከኋላው አዩት።

«ያው እኮ ነው! ምንም አልተለወጠም» አለች ምላጭ።

«ያው ነው» አለች አክስት፣ ፊቷ በርቶ።