ምስሎቹ በየት በኩል ገቡ?

“የራጅ ማዕከላችን ከዛሬ ጀምሮ በአዲስ የኢንተርኔት መስመር መገልገል መጀመሩን በታላቅ ክብር አበሥራለሁ!” አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ የኮታቸውን ቁልፍ ቆልፈው። በጠባቡ የስብሰባ ክፍል የተጠጋጋው ሠራተኛ አጨበጨበ። የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር ባልዲዋን አስቀምጣ አጨበጨበች።

የኔትወርክ ባለሙያዋ እጅ ግን አልታዘዝ አላት። ጭኗ ላይ ያለው ላፕቶፕ የሚያሳያት ሌላ ነው። ከየክሊኒኩ የሚላኩት የራጅ ምስሎች ዛሬም እንደ ትናንቱ በአሮጌው ኩባንያ መስመር ይጎርፋሉ። አዲሱ መስመር ወደ ውጪ ይልካል፤ ወደ ውስጥ ግን አንድ ምስል እንኳ አላስገባም።

ለምን? አታውቅም። ጠዋት አሮጌው ኩባንያ ጋ ስትደውል አንዱ ቴክኒሻን፣ “ክሊኒኮቹ የእኛ ደንበኞች፣ እናንተም የእኛ ደንበኛ። በሌላ ሰው ቤት ዞረው የሚመጡት ምን አጥተው ነው?” ብሎ ሳቀባት። እየቀለደ ይሁን ከምሩ፣ አልለየላትም።

ከስብሰባው በኋላ ሥራ አስኪያጁ የአሮጌውን ውል ማቋረጫ ይፈርማሉ። የሚፈርሙትም እሷ ትናንት “ሁሉም ወደ አዲሱ መስመር ዞሯል” ስላለች ነው። የሙከራ ጊዜዋ በዚህ ሳምንት ያልቃል። እናቷ ደግሞ “ልጄ ቋሚ ሆነች” ብለው ለሰፈሩ አውርተው ጨርሰዋል።

“እስቲ አብራሪላቸው፣ ልጄ” አሉ ሥራ አስኪያጁ። “ቀለል አድርገሽ። እኔ እንኳ ገብቶኛል።”

ተነሥታ የኢንተርኔቱ ዕቃዎች የተደረደሩበትን ቁም ሳጥን ተደገፈች።

“ከእኛ የሚወጣውን በየት እንደምንልከው የምንወስነው እኛ ነን። ወደ እኛ የሚመጣውን ግን የሚወስኑት ከውጪ ያሉት ናቸው። እኛ ማባበል ብቻ ነው የምንችለው። በአሮጌው በኩል መለያ ቁጥራችንን ደጋግመን እንናገራለን። ርቀት የሚለኩት በመንገዱ ላይ ባሉት መለያ ቁጥሮች ብዛት ስለሆነ፣ መንገዱ የረዘመ ይመስላቸውና በአዲሱ ይመጣሉ።”

“ሳይረዝም?” አለች የሒሳብ ሠራተኛዋ።

“ሳይረዝም።”

“ታዲያ ይኼ ውሸት አይደለም እንዴ?”

“ፖሊሲ ነው።”

ሥራ አስኪያጁ “ፖሊሲ” ሲባል ሰምተው በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ።

“መፍጠኑን እኔስ ገና ጠዋት ነው ያወቅኩት” አለ ራጅ አንባቢው ሐኪም። “ምስሉ እኮ ሳልጠራው ከች!”

“የእኔም ስልክ ዛሬ ሌላ ሆኗል” አለ ጥበቃው። ጥበቃው ኢንተርኔት የሚጠቀመው በራሱ ካርድ ነው።

ባለሙያዋ ሁሉንም አየቻቸው። ለአንድ አፍታ፣ የተሳሳተው ላፕቶፑ ይሆን እንዴ ብላ ራሷን ጠረጠረች። ይኼ ሁሉ ሰው ፈጠነ እያለ ለእሷ ብቻ እንዴት ሳይፈጥንላት ቀረ?

“በሉ በዓይናችሁ እዩት!” አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ግድግዳው ላይ ወዳለው ትልቅ ስክሪን ዞረው። ከሩቅ ክሊኒክ የተላከ የደረት ራጅ ከላይ ወደ ታች እየወረደ ነበር። አንገት፣ ትከሻ፣ የመጀመሪያዎቹ የጎድን አጥንቶች።

እጇን ወደ ቁም ሳጥኑ ሰደደች። ቢጫውን የአዲሱን መስመር ገመድ ጫፉን ይዛ ነቀለችው።

ምስሉ ለቅጽበት አመነታና መውረዱን ቀጠለ።

“እዩልኝማ ፍጥነቱን!”

“ይኼ ነው እንጂ አዲስ መስመር!” አለ ሐኪሙ። ክፍሉ እንደገና በጭብጨባ ደመቀ።

“ጋሼ” አለች ባለሙያዋ። የነቀለችውን ገመድ ከፍ አድርጋ ያዘችው። “ጋሼ፣ የውሉን ማቋረጫ አይፈርሙ። አዲሱ መስመር ይኸው፣ እጄ ላይ ነው። ምስሎቹ አሁንም የሚገቡት በአሮጌው ነው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።”

ሥራ አስኪያጁ ገመዱን አዩ፣ ስክሪኑን አዩ፣ ተመልሰው ገመዱን አዩ። ሐኪሙ ጫማውን መረመረ። ጭብጨባው ከዚህም ከዚያም እየተቆራረጠ ሞተ፤ ጥበቃው ነበር መጨረሻ ላይ ያቆመው።

ደረቱ ተሟልቶ ወረደ። ቀጥሎ የሌላ በሽተኛ ጉልበት መግባት ጀመረ።