የብርሃኔ ቁሌት

«ቆይ፣ ቆይ! ዘይቱን ገና አትጨምሩት!»

ሩሀማ ከድንኳኑ ወጥታ ጓሮ እስክትደርስ እትዬ ምሕረት ጀሪካኑን አዘንብላ ጨርሳለች። የእድሩ ሴቶች ማማሰያቸውን እንደያዙ ቀና አሉ። ሐዘንተኛ የለቅሶ ወጥ አይነቅፍም፤ የቀረበለትን ይቀምሳል፣ እግዜር ይስጥልኝ ይላል፣ አለቀ። እናቷን በቀበረች በማግስቱ ድስት ልትቆጣጠር የመጣች ሴት በሐዋሳው አዲስ ከተማ ሰፈር ታይታ አታውቅም።

«ምን ሆነሻል?» አለች እትዬ ምሕረት።

«ሽንኩርቱ እኮ ውሃውን አልጨረሰም። እማዬ መጀመሪያ በደረቁ ነበር የምታቁላላው…»

«ለቀባሪው አረዱት! ሠላሳ ዓመት የለቅሶ ወጥ ለሠራሁት ለእኔ?»

«ተያት፣ እትዬ» አለች የሩሀማ ታናሽ እህት ሰላማዊት ከበሩ ሆና። «እሷ እኮ የቁሌት ሊቅ ናት። በዲግሪ!»

ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሩሀማ ፊቷ ጋለ።

እናታቸው ብርሃኔ መናኸሪያ አጠገብ ምግብ ቤት ነበራት። ስድስት ጠረጴዛ፣ አንድ የተሰነጠቀ መስታወት፣ የሹፌርና የተማሪ ግፊያ። አፏን የፈታችው በሲዳምኛ ነው፤ አማርኛን ያስተማሯት ደንበኞቿ ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት ሩሀማ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የወጥ ቤት ቃላትን አመጣጥ ስታጠና «ቁሌት» ላይ ስትደርስ ተቸነከረች። ቃሉ የ«ቆላ» ዘመድ ነው ብላ ጠርጥራለች፤ ግን ቆሎ በደረቁ ይቆላል፣ ሽንኩርት በዘይት ይበስላል፣ እንዴት ይገናኛሉ? አንድ ቀን እንደ ዘበት እናቷን ጠየቀቻት።

«በዘይት ነው ያለሽ ማነው?» አለች ብርሃኔ ከድስቷ ቀና ሳትል። «ባዶ ድስት ላይ ውሃውን ይጨርስ። እንደ ቆሎ ቁዪው። ዘይት ቀድሞ ከገባማ ጠበስሽው፣ የታለ ቁሌቱ?»

በዚህች መልስ ጥናቱ በእግሩ ቆመ። ፈታኞቹ ምዕራፉን አወደሱላት። የመልሱ ባለቤት ግን ግርጌው ላይ እንዲህ ተብላ ተጽፋ ነበር፦ መረጃ አቀባይ ሦስት፣ ሴት፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት፣ ያልተማረች።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ሩሀማ እህቷን ጓዳ ተከትላ ገባች።

«ነገ የሕይወት ታሪኳን እኔ ላንብበው» አለች። «ጽፌዋለሁ። ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ…»

«አንቺማ አታነቢም።»

«እናቴ እኮ ናት፣ ሰላም!»

«አልአዛርን ታውቂው የለ? እኛ ጋ ምሳ የሚበላውን ተማሪ። ያንን ጥናትሽን አንብቦላታል። በጠራራ ፀሐይ በር ዘግታ፣ ደንበኛ መልሳ ነው ያስነበበችው። ሲጨርስ ‹ስሜ የት ጋ ነው?› አለችው። የለም አላት። ‹ዘለኸው ይሆናል፣ እስቲ እንደገና› አለችው።» ሰላማዊት ድምፅዋ ተሰበረ፤ ወዲያው መልሳ አጠነከረችው። «ሦስቴ አስነበበችው።»

«የጥናት ሕግ ነው፤ የመረጃ ሰጪ ስም…»

«የመምህሮችሽ ስም ፊት ለፊት ተደርድሯል! ሕጉ ወጥ ሠሪ ላይ ብቻ ነው? አፍንጫሽን ላሺ!»

ሩሀማ ግድግዳውን ተደገፈች። ሕግ አልነበረም። አማካሪዋ፣ ሴትየዋ ከፈቀደች ስሟን መጻፍ ትችያለሽ ብሏት ነበር። እሷ ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው የመናኸሪያ ወጥ ሠሪ ልጅ መሆኗን እንዲያውቅ አልፈለገችም።

«አፍሬ ነው» አለች።

«አውቃለሁ። እሷም አውቃለች። በየእሑዱ ስትመጪ ግን ምርጥ ምርጡን እየለቀመች ታበላሽ ነበር፤ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።» ሰላማዊት ወደ በሩ አመለከተቻት። «በይ ውጪልኝ።»

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ጢም አለ። ከጸሎቱ በኋላ ወንጌላዊው አቶ ደረሰ፣ ሰላማዊት በእጇ የጻፈችውን ወረቀት ዘረጋ። የሩሀማ አራት ገጽ ቦርሳዋ ውስጥ እንደታጠፈ ቀረ። ብርሃኔ ይርጋዓለም አካባቢ መወለዷ ተነበበ፤ ባሏ ሲሞት ሁለት ሕፃናት ይዛ ሐዋሳ መግባቷ፤ ያልከፈሏትን ተማሪዎች ቆጥራ አለማወቋ። ሰዉ ራሱን እየነቀነቀ አለቀሰ።

«ልጇን ሰላማዊትን፣ እንዲሁም…» ወንጌላዊው ቆመ። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። «እንዲሁም አንዲት ሴት ልጅ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ የተማረች፣ ትታ አልፋለች።»

የተቀመጠው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ወንጌላዊው ጎንበስ ብሎ «ሰላምዬ፣ ስሟ ተረስቷል መሰለኝ» አለ። ሰላማዊት ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። ስሙን እሱም ያውቀዋል፤ ከተጻፈው ውጭ ለመናገር ግን ፈራ። ጨነቀውና ሩሀማ ራሷ እንድትናገር ማይክሮፎኑን ዘረጋላት።

«እንደተጻፈው ያንብቡት» አለች ሩሀማ በቀስታ፤ ማይክሮፎኑንም በሁለት እጇ ይዛ መልሳ ሰጠችው።