ሎሚና የድስት ሽቦ

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እነዚህን ምን ነካቸው?» አለ ፍሰሐ፣ አንዷን ሽጉጥ በጓንት ይዞ መብራቱ ሥር እያገላበጠ።

«ምን ይነካቸዋል? ታጥበው ነው» አለች ጌጤነሽ። «ከእኔ ቤት ቆሻሻ ዕቃ አይወጣም።»

«በምን ታጠቡ?»

«በሎሚ። ከዚያ በድስት ሽቦ።»

ፍሰሐ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ፣ በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ አሮጌ መሣሪያ ሲገምትና ሲገዛ አሥራ ስምንት ዓመት ኖሯል፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አልገጠመውም። ፊቱ በተከፈተው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከመዳፍ የማይበልጡ ስድስት የኪስ ሽጉጦች ለእንግዳ እንደወጣ ማንኪያ ያብረቀርቃሉ።

ቆርቆሮው የሟቹ የባሏ የይገዙ ነው። ይገዙ ክሪስታል ሲቲ ፓርኪንግ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ትኬት ሲቆርጥ ኖረ፤ በእረፍት ቀኑ ደግሞ ከአንዱ የሽጉጥ ባዛር ወደ ሌላው ሲዞር። ጥይት ገዝቶ አያውቅም፣ ተኩሶም አያውቅም። መቶ ዓመት ያለፋት ሚጢጢ ሽጉጥ ሲያገኝ ግን ሙሽራ ይዞ የገባ ይመስላል። «ትልቁን ነገርማ ማሽንም ይሠራዋል፤ የሰው እጅ የሚታወቀው በትንሽ ነገር ነው» ይል ነበር። ነጭ ጓንት አጥልቆ ሲወለውላቸው ያመሻል። እሷ አንዷን ላንሳ ካለች፣ «ተይ አንቺ፣ እጅሽ ላብ አለው» ይላታል። አርባ ዓመት ሙሉ በዚያ እጅ ሲበላ ላቡ አልታየውም። ጌጤነሽ ብዙ ነገር ይቅር ብላዋለች፤ ይህችን ቃል ግን ቋጥራ ይዛት ነበር።

ባለፈው ጥር ሳንባው ገደለው። ከዚያ ወዲህ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርታማዋ ውስጥ የሚናገር ነገር ቢኖር ፍሪጁ ብቻ ነው። ልጇ ናዝራዊት ከአስፐን ሂል አስቤዛ ይዛ ትመጣለች፤ ኮቷን ሳታወልቅ ትሄዳለች። የልጅ ልጇ ብሩክታይት ሰባት ዓመት ሞላት፣ አንድ ቀን እንኳ አያቷ ቤት አድራ አታውቅም። ትንሿ አልጋ ተነጥፋ፣ አንሶላዋ ሳይተኛበት እየታጠበ ይመለሳል። «ሽጉጥ ያለበት ቤት ልጄን አላሳድርም ማሚ። አስወጪያቸውና ዓርብ አመጣታለሁ» አለች ናዝራዊት። ዛሬም ሽጉጦቹን የመኪናዋ ትራንክ ውስጥ ቆልፋ እስከዚህ አመጣቻት እንጂ ሱቁ አልገባችም፤ መኪናዋ ውስጥ ሆና ከሥራ ቦታዋ ጋር በስልክ ትነጋገራለች።

«የአሮጌ መሣሪያ ዋጋው ጥቁር ቀለሙ ነው፤ ከፋብሪካ የወጣበት» አለ ፍሰሐ። «ሽቦ አንዴ ከላጠው አይመለስም። አራት ሺህ ዶላር የሚያወጡት አሁን ሰባት መቶ ቢያወጡ ነው።»

«ታጠበ ተብሎ ዋጋው የሚወድቅ ዕቃ ገና ዛሬ አየሁ። አንተ ሸሚዝህን ሳታጥብ ነው የምትለብሰው?»

ፍሰሐ ሳይወድ ሳቀ። «ሸሚዜን ማን ይገዛኛል ብለው ነው?»

«እሱስ እውነትህን ነው፤ አንገትጌው ያስታውቃል።»

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ከፋት። ብሩ አልነበረም ያስከፋት። ይገዙ ዕድሜውን በጓንት የጠበቀውን እሷ በአንድ ከሰዓት ልጣዋለች። ደግሞ ለንጽሕና ብቻ አልነበረም። ሽቦውን ይዛ ስትፈትግ በልቧ፣ «ይኸው ነካኋቸው፣ ምን ታመጣለህ?» ትል ነበር። ምንም አላመጣም።

ፍሰሐ ስድስተኛዋን አነሳ። እጀታዋ ሥር ያለችውን መቆለፊያ ሲገፋ፣ ቀጭን የብረት ሣጥን ተንሸራታ ወጣች።

«ካዝናዋን አልነኩትም?»

«የምኗን ካዝና?»

«ጥይት የሚገባበትን። ይኸው፣ ከውስጥ ይወጣል።»

«መውጣቱን መች አውቄ።»

በካዝናው ጥቁር ጎን ላይ ቀይ የዝገት አሻራ ተቀምጧል፤ የአውራ ጣት አሻራ። «አንድ ሰው በባዶ እጁ ይዞታል» አለ ፍሰሐ። «ላብ ብረት ይበላል፤ በሳምንት በሁለት ሳምንት አሻራው እንዳለ ዝጎ ይቀራል። ይሄ እንኳ ቀላል ነው፣ በዘይት አስለቅቀዋለሁ።»

ጌጤነሽ አጎንብሳ አየች። አሻራውን ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር ሰንጥቆታል። የፓርኪንጉ በር ሰንሰለት የቆረጠው የይገዙ ጣት ነው፤ አራት ቦታ ተሰፍቶ፣ ወር ሙሉ ፋሻውን የቀየረችለት እሷ ናት። ያን ምሽትም አስታወሰች። ሊሞት ሰሞን፣ ከሆስፒታል በተመለሰ ማግስት፣ ትኩሳቱ ሳይለቀው፣ ቆርቆሮውን ታቅፎ ተቀምጦ ነበር። «ጓንትህስ?» ስትለው፣ «ተይኝ፣ ዛሬስ ልንካቸው» አላት።

ፍሰሐ የዘይቱን ጨርቅ ሲያነሳ እጁን ያዘችው።

«አትንካው።»

«ዝገቱ እየባሰ ይሄዳል እኮ እማማ።»

«ይባስ። ይሄ ብቻውን ሽጉጥ ነው?»

«ኧረ አይደለም፣ ባዶ ሣጥን ነው። ግን ሽጉጧ ያለ እሱ የግማሽ ግማሽ አታወጣም። ቁጥራቸው አንድ ነው፣ አብረው የተሠሩ ናቸው። ከተለያዩ ሁለቱም ዋጋ የላቸውም።»

«ለእኔ ነው ይህ የሚነገረው?» አለች ጌጤነሽ። «ሽጉጧን ውሰድ፣ ሣጥኑን ስጠኝ።»

መኪናው ውስጥ ናዝራዊት ስልኳን ዘጋች። «ሁሉንም ወሰደው ማሚ?»

«ሽጉጥ የሚባል አልቀረም።»

«ታንክ ዩ። እጅሽ ላይ ያለውስ?»

«የአባትሽ ሣጥን። ባዶ ነው።»

«ሴፍ ነው?»

«ከእኔ ምላስ ይሻላል። ንጂ።»

ናዝራዊት ካዝናውን ትንሽ አየችው፤ አሻራውን ሳታይ፣ «ኦኬ፣ ዓርብ ከስኩል አመጣታለሁ» ብላ መኪናውን አስነሳች።

ቤልትዌይ የሚሉት ፈጣን መንገድ ሳይገቡ ቀይ መብራት ያዛቸው። ጌጤነሽ ካዝናውን የጠቀለለችበትን መሐረብ ፈታች። መዳፏ አልቦታል፤ ይገዙ እንዳለው ነው፣ እጇ ላብ አለው። በቀሚሷ ልትጠርገው ብላ ተወችው። አውራ ጣቷን ከእሱ አውራ ጣት ጎን፣ ባዶው ቦታ ላይ አሳርፋ ተጫነች፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖም አላነሳችውም።