ያልገባው እሺታ

ገና የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ እናቱና አንዲት ጎረቤት ያወሩ ነበር። ወሬው ስለ ባል ይሁን፣ ስለ ቤት ይሁን፣ ስለ ታመመ ሰው ይሁን ዛሬ ጠፍቶበታል። ያልጠፋው የእናቱ ድምፅ ነው። ጎረቤቲቱ ታወራለች፣ ታወራለች፤ እናቱ «እህ» ትላለች። ደግሞ ታወራለች፤ «ወይ ጉድ»፣ «አይ የሰው ነገር»፣ «እህ»። በመጨረሻ ሴትዮዋ አፍንጫዋን ጠርጋ «ተባረኪ፣ ቀለል አለኝ» ብላ ወጣች። አባቱ ከወዲያኛው ክፍል «ምን ሆና ነው?» ብሎ ሲጠይቅ እናቱ የመለሰችለትን ግማሹን ብቻ ነው የያዘው፦ «እኔስ ምኑን አውቄው፤ ሰው እንደሆነ የሚፈልገው...» በሩ ተዘጋ። የቀረው እዚያው ቀረ።

ልጁ አድጎ ሰባኪ ሆነ። የጎደለውን ግማሽ ራሱ ሞላው፤ ሰው የሚፈልገው «እህ» የሚለው ነው ብሎ ደመደመ። ይህንን ስንቅ አድርጎ በሃያ አራት ዓመቱ ባሕር ተሻገረ።

የላከው ማኅበር አንድ ዓመት ሰጠው። ቋንቋውን ተምሮ፣ ዓመቱ ሲሞላ ቆሞ ይሰብካል። ያረፈበት ክፍል ፎቅ ላይ ነበር፦ አልጋ፣ ወንበር፣ በመስኮቱ ሥር ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ በእጁ ጽፎ የለጠፋቸው ቃላት። ከታች የአናጺ ቤት አለ። ከአናጺው ቤት ጀርባ ደግሞ አከራዩ ልብስ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። የአናጺው ታናሽ እህት ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትተዳደረው በዚሁ ነው። ምላሷ ከካውያዋ አይበርድም። የእንግዳውን ስም ለመጥራት ሁለት ቀን ታግላ፣ በሦስተኛው «እኔ በበኩሌ ደክሞኛል፤ የምትመልሰው ሁልጊዜ እሺ ነውና እሺታ ብዬሃለሁ» አለችው። እሱም «እሺ» አለ። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ።

እሺታ ከቀትር በኋላ ደብተሩን ይዞ ወደ አናጺው ቤት ይወርዳል። ከሰጋቱራው ክምር አጠገብ የተገለበጠ ሳጥን ነበረው፤ እሱ ላይ ይቀመጣል። ሽማግሌው አናጺ ዕቃውን በእጃቸው እያነሱ ስሙን ይነግሩታል፦ መጋዝ፣ መዶሻ፣ ሞርሳ፣ ኮላ። እሱ ይጽፋል። ከዚህ ያለፈ ወሬ ግን ፊት ለፊት አይሆንላቸውም። ሆዳቸው ውስጥ ያለውን የሚያወጡት ሳንቃ ሞርሳው ላይ አስረው፣ መላጊያ ይዘው፣ ለሰው ጀርባቸውን ሲሰጡ ብቻ ነው። «የወንድሜ አፍ የበቀለው ጀርባው ላይ ነው» ትላለች እህታቸው።

በሰባተኛው ወር፣ አንድ ዝናባማ ቀን፣ ሰፊ ሳንቃ አሰሩና መላግ ጀመሩ። አብረው ወሬ ጀመሩ። ይህን ያህል ሲናገሩ እሺታ ሰምቶ አያውቅም። «ልጅ» የሚል ሰማ። «ዝናብ» ሰማ። «አራት ዓመት» የሚል ሰማ። ሌላው እንደ ጎርፍ አጠገቡ አለፈ። ድምፃቸው ሲወፍር «እህ» አለ፤ ሲሰበር ደግሞ ቀስ ብሎ «እህ» አለ። ማዘኑ እውነት ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ሆኖ መላጊያው ቆመ። አናጺው ሳይዞሩ «ታደርግልኛለህ? አንተ የእግዜር ሰው ነህ» አሉ።

ጥያቄ መሆኑ ገብቶታል። ምን እንደሚያደርግላቸው ግን አላወቀም። ግማሽ ሰዓት ሙሉ «እህ» ሲል የቆየ ሰው አሁን «ምን አሉኝ?» ቢል የት ይገባል?

«እሺ፣ ጋሼ» አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉና መላግ ቀጠሉ።

እሺታ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ በአውቶቡስ ወደ ጎረቤት ከተማ ይሄዳል። እዚያ ትንሽ የጸሎት ቤት አለች፤ ከጎኗ ክሊኒክ። የጸሎት ቤቱን ቁልፍ የምትይዘው የክሊኒኩ ነርስ ናት፤ የአናጺው ልጅ መሆኗን ከመጀመሪያው ቀን ነግራዋለች። ባገኘችው ቁጥር «አባባ ደህና ናቸው?» ትለዋለች። «ደህና ናቸው» ይላታል። ከዝናቡ ቀን ወዲህም ሦስት ጊዜ ሄደ፤ ሦስት ጊዜም ይህንኑ አላት። በሦስተኛው «ሌላ ምንም አላሉም?» አለችው። ትንሽ አስቦ «ሥራ አላቸው። ትልቅ ሥራ» አላት። ሻይ ቀዳችለት።

ከየጉዞው በኋላ ሰኞ ወደ አናጺው ቤት ሲወርድ መላጊያው ይቆማል። አናጺው ጥቂት ይጠብቃሉ፤ ከዚያ መልሰው ይልጋሉ። ከሦስተኛው ጉዞ በኋላ በወረደ ጊዜ ሳጥኑ ላይ ኮላ የተቀባ የወንበር እግር ተደርድሮበት አገኘ። የሚቀመጥበት አልነበረም። «ይደርቃል» አሉ አናጺው፤ ቀና ብለውም አላዩትም። በማግስቱም አልደረቀም።

በሦስተኛው ቀን አከራዩ ሸሚዝ ስትተኩስ ጠራችው።

«አንተ፣ ወንድሜን ምን አደረግከው?»

«ምንም፣ እትዬ።»

«ልክ ብለሃል። እሱም የሚለው ይሄንኑ ነው፤ ምንም አላደረገልኝም ነው የሚለው።» እጅጌውን ዘረጋች። «ትናንት ምን አለኝ መሰለህ? ‹ሆዴን አውጥቼ ሰጠሁት፤ ኪሱ ከትቶት ዞረ› አለኝ። እህል አልቀምስ ብሎ አደረ። ልጅቷ እንደሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ሩቅ ቦታ ተቀይራ ልትሄድ ነው። ከዚያ ማን ያገኛታል? አንተ ደግሞ እሺ ብለህ ታበቃና...»

«ቀስ ይበሉ እትዬ። አልገባኝም።»

እዚያ ቤት ውስጥ ይህን ቃል ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። ካውያዋን አየር ላይ ይዛ ቆመች።

«ምን አልክ?»

«አሁን አልገባኝም። ያኔም አልገባኝም። የዝናቡ ቀን። ጋሼ ብዙ ተናገሩ። እኔ እህ አልኩ። እሺ አልኩ። ግን አልገባኝም።»

አየችው፣ አየችው። «ቆይ፤ እኔስ ስምንት ወር ሙሉ የማወራልህ?»

«ትንሽ ትንሽ ይገባኛል።»

«ከባለቤቴ ጋር ስለ ተጣላሁበት የነገርኩህስ? ያቺ የማትነገረዋ?»

«አይ። ሲያዝኑ አይቼ አዘንኩ።»

«ጉድ ፈላ። ያን ወሬ ለምን አወጣሁለት ብዬ አፍሬ ሦስት ቀን ተደብቄሃለሁ እኮ። ይህቺስ እሰይ የምታሰኝ ናት።» ሳቋን ዋጥ አድርጋ ካውያዋን አስቀመጠች። «ስማ እንግዲህ፤ በጣት እየቆጠርኩ ነው የምነግርህ። ነርሷ ልጁ ናት። ተጣልተዋል። አራት ዓመት አልተነጋገሩም። አንተን የለመነህ ‹አባትሽ ነይ ብሏል በላት› ብሎ ነው። ገባህ?»

ገባው። ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «እርስዎ ለምን አልነገሯትም?»

«እኔ? በመጀመሪያው ዓመት አመላልሼ ነበር። እኔ ወሬ ሳደርስ ቅመም ጣል ሳላደርግበት አይሆንልኝም፤ ይኸው አቃጠልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ስሟን እንዳነሣ ከልክሎኛል።»

እሺታ ወደ ክፍሉ ወጥቶ ተንበረከከ። ጸሎቱን በእናቱ ቋንቋ ጀመረ። ቃላቱ ተከታትለው መጡለት፤ ያምሩ ነበር። ሲበዛ ያምሩ ነበርና በመሃል ተዋቸው። በዚያ በሚንተባተብበት በአዲሱ ቋንቋ «ዋሸሁ» አለ። የሚጨምርበት ስላልነበረው ተነሥቶ ወደ ታች ወረደ።

አናጺው የጠረጴዛ እግር ይልጉ ነበር። እሺታ ዞሮ ሄዶ በሥራ ጠረጴዛው ማዶ፣ ፊታቸው ቆመ።

«ጋሼ፣ አልገባኝም ነበር።»

«ምኑ?»

«ሁሉም።»

ሽማግሌው ስለቱ እንዳይጎዳ መላጊያውን በጎኑ አጋደሙት። «እህ ስትልስ?»

«እህ ስል አልገባኝም።»

«እሺ ስትልስ?»

«እሺ ስልም።»

«እኔ እንግዲህ ያን ሁሉ የነገርኩት ለሳንቃው ነው።»

«ሳንቃው ከኔ ይሻላል ጋሼ። እሺ አይልም።»

አፋቸው ጥግ ላይ አንድ ነገር ታየና ጠፋ። «ሂድ፤ ሥራ አለኝ።»

አልሄደም። «እንደገና ይንገሩኝ። ቀስ ብለው። እኔ በማውቀው ቃል።»

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ደሞስ አንተ ምን ቃል ታውቃለህ?»

«በር። ወንበር። ምስማር። ዝናብ። ልጅ፣ አባት። ሂድ፣ ና።»

«በዚህማ ቁምሳጥን ይሠራል እንጂ የሰው ነገር አይነገርም» አሉ። ግን መላጊያውን አላነሡም።

እንደገና መናገር ጀመሩ። «ውለታ ቢስ የሆነች...»

«ውለታ ምንድን ነው?»

«ውለታ ማለት... አንተ ለሰው ታደርጋለህ። ሰውየው ደግሞ... ተወው እሱን። ናቀችኝ፤ በጎረቤት ፊት አዋረደችኝ።»

«ናቀችኝ?»

ሊያስረዱት ሞከሩ። እጃቸውን አወናጨፉ፤ ፊታቸውን አጨማደዱ፤ አንድ ጊዜ መዶሻውን አንሥተው መልሰው አስቀመጡ። «በጎረቤት ፊት ምን አለች?» ብሎ ጠየቃቸው። አሰቡ። «ምንም አላለችም» አሉ። እንዲህ እያሉ ትልልቆቹን ቃላት አንድ በአንድ ተዉአቸው፤ ክብር የሚለው ቀረ፣ ክህደት የሚለው ቀረ፣ የአባት ወግ የሚለውም ብዙ አታግሏቸው ቀረ። ላብ ላብ አላቸው። በመጨረሻ የቀረው ይህ ነበር፦

«ልጄ ‹ትምህርት ቤት ልሂድ› አለች። እኔ ‹እዚህ ከኔ ጋር ሥሪ› አልኩ። ‹እሄዳለሁ› አለች። ‹ሂጂ፤ አትምጪ› አልኩ። ዝናብ ነበር። ሄደች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የለም።»

«‹ነይ› አላሉም?»

አናጺው እጃቸው ላይ የተለጠፈውን ብናኝ በአውራ ጣታቸው ፈተጉ። «አላልኩም» አሉ።

ኋላ ለእህታቸው እንደ ነገሯት፣ ያን ታሪክ አራት ዓመት ሙሉ ለራሳቸው ሲነግሩት ግማሽ ሰዓት ይፈጅባቸው ነበር። እየሠሩ ይናገሩታል፤ ሲጨርሱ ሁልጊዜ የሚረቱት እሳቸው ናቸው። በዚያ ባዕድ ልጅ ቃል ሲነግሩት ግን እፍኝ አልሞላም። አገላብጠው ቢያዩትም ልጂቱ ያጠፋችው ነገር አልተገኘበትም።

«አሁን ገባህ?»

«ገባኝ።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ስትሄድ ንገራት። ‹አባትሽ ነይ ብሏል› በላት።»

እሺ የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ። ስምንት ወር ሙሉ በዚህ ቃል በር ሲከፈትለት፣ ወንበር ሲሳብለት ኖሯል። ዋጠው።

«አይሆንም ጋሼ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«እኔ የምናገረው እንደ ሕፃን ነው። እሷ ትጠይቃለች። ‹ለምን አራት ዓመት?› ትላለች። እኔ መልስ የለኝም። መልስ ያለው እርስዎ ጋ ነው። እርስዎ ይምጡ።»

«እኔ ከሥራዬ የት እሄዳለሁ? ይሄን ቁምሳጥን ማስረከብ አለብኝ።»

ከኋላው ክፍል፣ ከእንፋሎቱ መሃል ድምፅ መጣ። «ያ ሰውዬ ለሠርጉ ያዘዘው ቁምሳጥን ነው? አሁን እኮ ሁለተኛውን ልጅ ወልዷል።»

«አንቺን ማን ጠራሽ?»

«ማንም። ጆሮዬ ነው የጠራኝ።»

«ጉልበቴም አይችል» አሉ አናጺው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። በዚያው ዝቅ ባለ ድምፅ ሰባኪውን ጠየቁት። «ሄጄ፣ በሩን ፊቴ ላይ ብትዘጋብኝስ?»

ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የተጻፈ መልስ በእሺታ ደብተር ውስጥ ነበር፤ ለስብከቱ ሲያጠናው የከረመው ነው። አላነበበላቸውም። «አላውቅም ጋሼ» አለ። «‹አባባ ደህና ናቸው?› ትላለች። ሁልጊዜ። መጀመሪያ የምትለው እሱን ነው። እኔ የማውቀው ይሄን ብቻ ነው።»

«አባባ ነው የምትለው? ‹አባቴ› አይደለም?»

«አባባ።»

ሽማግሌው ሞርሳውን ፈቱት። የጠረጴዛውን እግር አወጡና ቀጥ ማለቱን በአንድ ዓይናቸው አዩት፤ ቀጥ ያለ ነበር፤ ቢሆንም ደግመው አዩት።

«አውቶቡሱ የስንት ሰዓት ነው?»

«የሁለት። ጠዋት።»

«ከኋላ ወንበር አልቀመጥም፤ ያጥወለውለኛል።»

«ከፊት እይዛለሁ።»

«መንገድ ላይ እንዳትሰብከኝ።»

«ገና አልችልም፣ ጋሼ።»

«ስንደርስ አንተ ታንኳኳለህ። ስትከፍት ‹አባትሽ መጥተዋል› ትላለህ። ይህንን ታውቃለህ?»

«አባትሽ መጥተዋል» አለ እሺታ፣ ቃሉን እያንዳንዱን ለይቶ።

«ይበቃል። ከዚያ ዞር በልልኝ፤ የቀረው የኔ ነው።» እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ወደ ኋላው ክፍል ዞሩ። «አንቺ፣ ያን ነጭ ሸሚዜን ፈልጊና ተኩሺልኝ። ቅዳሜ እሄዳለሁ» አሉ።