ለዙቤይዳ የቀረበ ምስጋና

እንድሪስን የሰደበው ነርሱ ኸይረዲን ነው። ቀኑም አምና፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከዙህር ሶላት በኋላ፤ ቦታው ከሚሴ አስፋልት ዳር ያለችው የእንድሪስ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ። ፎቶ ኮፒ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ይሰማል። እንድሪስ አንዲት ዓረፍተ ነገር አሳምሮ ቢጽፍለት ጊዜ፣ «ስማ፣ አንተ ከስምንተኛ ክፍል የተባረርክ! እኔ የምከፍለው ለጣትህ ነው፤ ጭንቅላትህን ማን ቀጠረው?» አለው። ሰዉ ሳቀ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ከእንድሪስ ሆድ አልወጣም። ደግሞም አልተባረረም፤ ራሱ ነው የተወው።

ዘንድሮ ኸይረዲን የሚሠራበት የግል ክሊኒክ፣ ስለ ሙያው የተሻለ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ያነበበ ዋና ነርስ ይሆናል ብሎ አወጀ። ኸይረዲን ምን ገዶት! ሩቅ አገር ያለ ነርስ ስለ ቁስል አያያዝ የጻፈውን ጥራዝ ይዞ እንድሪስ ሱቅ ከች አለ።

«ሽፋኑ ላይ የኔን ስም አግባ። ሌላውን እንዳለ ታይፕ አድርገው።»

«እንዳለ?»

«እንዳለ! ጆሮህም ሰነፈ?»

እንድሪስ ጻፈ። መጨረሻው ገጽ ላይ ግን ጣቱ ቆመ። «ይህን ስጽፍ ከጎኔ ላልተለየችው ለውዷ ባለቤቴ ለዙቤይዳ ምስጋናዬ ይድረሳት» ይላል። የኸይረዲን ሚስት ደግሞ ዘይና ናት፤ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጠው፣ ምላሷ ከመቀሷ ይበልጥ የሰላ ዘይና። እንድሪስ ፈገግ አለና እንዳለ ጻፈው።

የንባቡ ቀን ደረሰ። ኸይረዲን ዘይናን አስውቦ አዳራሹ ውስጥ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣት። እንድሪስ የታዘዛቸውን የጽሑፉን ቅጂዎች ተሸክሞ በሩ ላይ ቆመ። ኸይረዲን ጽሑፉን አስቀድሞ አላየውምና፣ እንደ ውሃ እያወረደው ሄዶ ሄዶ ዙቤይዳ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው የደነገጠው።

«ዙቤይዳን ኤኙ? ማን ናት?» ዘይና ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀለች ብድግ አለች። «የት ነው ያስቀመጥካት? ሰንበቴ ነው ጨፋ ሮቢት?»

«ወላሂ አላውቃትም!»

«የማታውቃት ከጎንህ ሳትለይ ምን ታደርጋለች? ዝንብ እሽ ትልልሃለች?»

የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ነጅዋ መነጽሯን አወለቀች። «ቆይ እንጂ ኸይረዲን፤ አንተ ካላወቅካት፣ ይህን የጻፈው ማነው?»

አውቃታለሁ ቢል ትዳሩ፣ አላውቃትም ቢል ሹመቱ። በሩ ላይ እንድሪስን ሲያይ ዓይኑ በራ።

«እንድሪስ! ወንድምዓለም! ስሙን የጻፍከው አንተ ነህ፤ ተሳሳትኩ በላቸው! በአላህ!»

አዳራሹ በሙሉ ወደ በሩ ዞረ። ዘይና ወገቧን ይዛ ጠበቀች። «እንዳለ» የምትል አንዲት ቃል በእንድሪስ አፍ ውስጥ እንደ ከረሜላ ተገላበጠች፤ ጣፈጠችው። ቅጂዎቹን ባዶ ወንበር ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠና፣ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ወጣ።