ካዲው ተይዟል

ሀይረዲን በአርባ ስድስት ዓመቱ ጎልፍ ያዘው። ሌላውን ሰው ስኳር ይይዘዋል፣ ደም ግፊት ይይዘዋል፤ እሱን ጎልፍ ያዘው። ያስለመደው ጓደኛው ጌዲዮን ነው፣ የጭነት መኪኖች ባለቤት፤ «ትልልቅ ሰው የሚገኘው ሜዳው ላይ ነው» ብሎት። ይኸው ሀይረዲን ቃሊቲ ባለው የጎማ መጋዘኑ ግቢ፣ በቆሙት ሲኖትራክ መኪኖች መሀል ኳስ እየመታ የጎረቤት መስኮት ሰበረ። አሁን ደግሞ ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገር ወጥተው ሊጫወቱ ነው፤ ታይላንድ፣ ፉኬት የምትባል ደሴት ላይ፣ አስር ቀን።

ሻንጣውን የምታዘጋጀው ሚስቱ መርዋ ናት። ነጭ ጫማ፣ የፀሐይ ክሬም፣ ቀለል ያለ የዝናብ ልብስ፣ የግራ እጅ ጓንት። የቀኙን ግማሽ ቀን ስትፈልግ ዋለች፤ ለካ ጓንቱ የሚሸጠው ለአንድ እጅ ብቻ ነው።

አንድ እሁድ ከሰዓት ጌዲዮን ደወለ፤ ሀይረዲን እየተላጨ ስለነበር ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገው።

«ሀይሩ፣ ካዲው ተይዟል! ያለ ካዲ አይፈቅዱም አሉ። ልጅቷንም መርጬልሃለሁ፤ ፎቶዋን ልኬልሃለሁ፣ እያት። ሀያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አስሩን ቀን ካንተ አትለይም!»

ካዲ ማለት የጎልፍ ተጫዋቹን ዱላ ተሸክሞ የሚከተል ሰው ነው። መርዋ ይህን ከየት ታምጣው? እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ቃዲውን ነው፣ ኒካህ አስሮ የሚያጋባውን። ስልኩ ሲንኮሻኮሽ የሰማችውም የምታውቀውን ነው። ጓንቱን እንደያዘች አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። በሦስተኛው ቀን ሀይረዲን ሳሎን ምንጣፉ ላይ ኳስ ወደ ሻይ ብርጭቆ እየገፋ ሲለማመድ ጠጋ አለችና፣ «ቃዲው የዚያው አገር ሰው ነው?» አለችው።

ዞሮ አያት። ያበጠውን ዓይኗን አየ፣ ነገሩ ገባው። ጺሙን እንደሚያሻሽ ሰው አፉን በእጁ ሸፈነ።

«የዚያው አገር ነው» አላት። «እዚያም ብዙ ሙስሊም አለ አሉ።»

ከዚያ ኳሷን ገፋት። ሶፋ ሥር ገባች፤ መርዋ ተንበርክካ አወጣችለት።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «አንቺ ሞኝ፣ ዱላ ተሸካሚ ናት እኮ» ቢላት እዚያው ያልቅ ነበር። አላላትም፤ አውቆ ነው ያላላት። መርዋ ሳሪስ አቦ የልጆች ልብስ ሱቅ አላት፤ እሱን ከማግባቷ በፊት መሬት ላይ ዘርግታ እየሸጠች ያቆመችው፣ በዚህ ዓለም ላይ የኔ የምትለው ሱቁን ብቻ ነው። ሀይረዲን አራት ዓመት ሙሉ «ሱቁን ለእህቴ ለናዕማ ልቀቂላት፣ አንቺ ቤትሽን ያዢ» ሲላት፣ አራት ዓመት ሙሉ «ከሞትኩ በኋላ» ስትለው ኖራለች። አሁን መንገዱ ወለል ብሎ ተከፈተለት። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

«ሱቁን ለናዕማ ብለቅላት ትቀራለህ?» አለችው በሳምንቱ።

«ጉዞውስ አይቀርም፣ ትኬት ተቆርጧል። ግን ቤቱ የሞላለት ሰው ሌላ ምን ያደርግለታል?»

ሐሙስ ዕለት ወረዳ ሄዳ የንግድ ፈቃዷን መለሰች፤ የሱቁ ኪራይ ውልም በናዕማ ስም ዞረ። ያለቀሰችው ታክሲ ውስጥ ነው።

ቅዳሜ ጌዲዮን ምሳ መጣ። እየበላ ስልኩን አወጣና ለመርዋ አሳያት። ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ቀጭን ልጅ፣ ቁመቷን የሚያህል ቦርሳ ተሸክማ ቆማለች።

«መርዬ፣ የሀይሩ ካዲ ይቺ ናት። በዚያ ፀሐይ ያን ሁሉ ብረት ስትሸከም አታሳዝንም?»

«ቃዲው እሷ ናት?»

«ታዲያ! ካዲ ማለት ዱላ ተሸካሚ ማለት ነው እኮ።»

መርዋ ወደ ባሏ ዞረች። ሀይረዲን አልተገረመም፤ ምን መስሎሽ ነበር ብሎም አልጠየቃት። ስንት ቀን አፍኖ የያዘውን ሳቅ ለቀቀው። እየሳቀም ለጌዲዮን ሁሉን ዘረዘረለት፤ ቃዲውን፣ ኒካሁን፣ እህል አልቀምስም ማለቷን። ጌዲዮን አብሮት ሳቀ፤ ወሬው ሱቁ ጋ ሲደርስ ግን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«ታውቅ ነበር» አለች መርዋ።

«ማን ነጠቀሽ?» አላት ዓይኑን እየጠረገ። «በገዛ እጅሽ ፈርመሽ ነው የሰጠሽው።»

እሁድ በረረ። ሰኞ ጠዋት መርዋ ሳሪስ ወረደች፤ ለምን እንደሄደች እሷም አታውቅም። ሱቁ በደንበኛ ተጨናንቋል። ገብታ ከመስቀያው የወደቀ ሹራብ አነሳችና ልታስተካክለው እጇን ዘረጋች።

«ተይው መርዬ፣ እንዳይዘበራረቅብኝ» አለች ናዕማ ከባንኮኒው ኋላ። ክፋት አልነበረባትም፤ ሥራ በዝቶባት ነው። «ምን ልስጥሽ?»

መርዋ የምትገዛው ነገር አልነበራትም። ከኋላዋ ልጅ ያዘለች ሴት ተራ እየጠበቀች ስለነበር ዞር አለችላት።